መላጫህን ቁጥር ሁለት ላይ አድርጌዋለሁ

ዞሊንገን፣ እሑድ ኖቬምበር 26 ቀን 1967

ለምወድህና ለምናፍቅህ ባለቤቴ ለዲትማር፣

እንደምን ሰነበትክ? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነውና የሚጀመረው። ግን ደህና አይደለሁም። ታምሜም አይደለም። ናፍቀኸኝ ነው፤ ይኸው ጻፍኩት፤ አሁን ቀለል ብሎኝ ወሬዬን ልነግርህ እችላለሁ።

ዛሬ ሙታን የሚታሰቡበት እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ እናትህ መቃብር ሄድኩ፤ ለብርዱ የጥድ ቅርንጫፍ አለበስኳት። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ከወንዙ የሚነሳው ጉም ደግሞ እስከ ኮረብታው ወጥቶ ሰፈሩን ውጦታል። ጫማዬን ምድጃው ሥር አድርጌ፣ አባትህ መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ።

ከፋሲካ ወዲህ ካንተ የመጣ ነገር ቢኖር ያ ፎቶ ብቻ ነው። ጢም አሳድገሃል። ጓደኛዬ ኤርና አይታው «ይሄን ሽፍታ ከየት አመጣሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልጠላሁትም። ብቻ የዞሊንገን፣ የምላጭ ከተማ ልጅ፣ ያውም የኤቫልት ልጅ፣ ብራዚል ሄዶ ጢም ማሳደጉን አባትህ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ነው። አልነገርኳቸውም። ፎቶውን በመነጽር ብታሳያቸውም አያዩትም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፤ ፎቶው ላይ ለሚያነሳህ ሰው እየሳቅክ ነው፤ ማን እንዳነሳህ ግን አልጻፍክም። ተወው፤ አልጠየቅኩህም።

ስለ አባትህ ልንገርህ፤ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ዓይናቸው አንተ እያለህም የደከመ ነበር፤ አሁን ጨርሶ ጠፍቷል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ጓሮ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ሐሳባቸውም ይመጣል ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ፋብሪካ የሚሄዱ ይመስላቸውና የምሳ ሳህናቸውን ይጠይቁኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከኔም ካንተም የተሻለ አእምሮ አላቸው። ሐኪሙ ልባቸውን አዳመጠና ወደ ኮሪደር ይዞኝ ወጣ፤ ይህን የብርድ ወራት ይዘልቁታል ብሎ እንደማያምን ነገረኝ። ልጅ ካላቸው ከገና በፊት ይምጣ አለ። አንድ ልጅ አላቸው፣ እሱም ሩቅ ነው አልኩት።

ያም ሆኖ አንድ ነገር አልለቀቁም፤ ተላጭተው መዋል። ታውቃቸው የለም? ያልተላጨ ሰው ከአልጋው ያልወረደ ሰው ነው የሚሉት። ፀጉር አስተካካዩ ፒልግራም እየመጣ ይላጫቸው ነበር፤ በኋላ ደረጃ ላይ ተንሸራትቶ ክንዱን ሰበረና ሥራው በኔ ላይ ወደቀ። የራሳቸውን መላጫ ሞከርኩት። እሱ የጎልማሳ ፊት ነው የሚፈልገው፤ ምላጩ ብቅ የሚልበት ክፍተት አንዴ እንደተሠራ ነው፣ አይጠብም አይሰፋም። የሳቸው ቆዳ ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል። ያንተው መላጫ ትዝ አለኝ። የእጀታውን ግርጌ ስታዞረው ምላጩን የያዘው ጫፍ ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ አንድ ላይ ሲሆን ምላጩ እምብዛም ብቅ እንደማይል፣ አምስት ላይ ሲሆን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ እንደሚጠርግ አንተው ነህ ያሳየኸኝ። መሳቢያህን ከፈትኩ። ከሄድክ ወዲህ አልነካሁትም ነበር። ሳሙናው በመላጫው ጥርሶች መሃል ደርቆበታል፤ ሳሙናው ውስጥም ከጢምህ ጥቂት ቁርጥራጭ ቀርቶ ነበር። ሳላጥበው ብዙ ቆየሁ። ይህን ለኤርና አልነገርኳትም።

ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ በዚህ ቤት ብረት የሚባል ሁሉ የሚጸዳበት ቀን መሆኑን ለአንተ አልነግርህም። ቢላዋው፣ መቀሱ፣ የድንች መላጫው ሳይቀር ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ምድጃ ዳር ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚገባው። ሌላ አገር ሴት ብትሆን ያንን መላጫ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሽታ፣ አድርቃ ትተወው ነበር፤ አንተም ከዚያ በላይ አትነካውም ነበር። እኔ ግን የኤቫልት ምራት ነኝ። ክዳኑን አወጣሁ። ግርጌው ላይ ያለችውን፣ ቁጥር ያለባትን ክፍልም ፈታሁ። ውስጡ ያለውን ብሎን አወጣሁ። የሚፈታ ነገር እስኪጠፋ ፈታሁት። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀብቼ መልሼ ስገጥመው አዲስ ሆነ፤ ኮራሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ነኝ።

ቁጥሩን አንድ ላይ አደረግኩና አባትህን ሳሙና ቀባኋቸው። ጉንጫቸው ላይ ገና አንዴ ሳወርደው ደሙ አረፋውን አቀላው። አገጫቸው ላይ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ። ክው አልኩ። አንድ የሚለው ቁጥር አንድ አልነበረም፤ ምላጩ አፉን ከፍቶ ነበር። አባትህ ደህና በሆነ እጃቸው መዳፌን ገፉና፣ «ማነው ይሄ? ከብት አራጅ ነው የላካችሁብኝ?» አሉ። እኔ ነኝ አባባ፣ ጌርሊንድ ነኝ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ፊታቸውን አላስነካ አሉ። ዲትማር ይምጣና ይላጨኝ፣ ከሱ በቀር ማንም አይነካኝም አሉ። ብራዚል ነው ስላቸው አውቃለሁ፣ ለምሳ ይደርሳል ይሉኛል። ለምሳ ሳትደርስ ስትቀር ምሳውን ተዉት። ጢማቸው አደገ፤ ነጭ፣ ዝብርቅርቅ ያለ። እጃቸውን አገጫቸው ላይ እያሳረፉ መልሰው ያነሱታል፤ በራሳቸው ፊት ያፍሩ ነበር። አንጀቴን በሉት። አንድ ሰው በርሃብ ሳይሆን በጢም ሊሞት ነው ብዬ ፈራሁ።

መላጫውን በመሐረብ ጠቅልዬ ኤርና ዘንድ ሄድኩ። ታውቃለህ፣ ዕድሜዋን መላጫ ስታሽግ የኖረች ናት። ገና ስታየው ሳቋን ለቀቀችው። «እስከ አጥንቱ ድረስ ፍቺው ያለሽ ማነው?» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ «ባልሽንም እንዲህ ፈታተሽ ገጥመሽው ነው እንዴ ብራዚል የሄደው?» ሳቅኩ። ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠብኝ፤ ኤርናም ደንግጣ ቡናዋን ቀዳችልኝ።

ከዚያ አሳየችኝ። ክዳኑ ዳር ላይ ቀጭን ጭረት አለች፤ ታችኛው አካል ላይም እንደሷ ያለች አለች። ሁለቱ በአንድ ወገን መሆን አለባቸው። እኔ ክዳኑን አዙሬ ነው የገጠምኩት፤ ስለዚህ ክፍተቱ ከልኩ ወጣ። ግርጌዋንም በዘፈቀደ ነው የመለስኳት፤ እሷ ደግሞ መጀመሪያ ብሎኑ እስኪቆም ጠብቆ፣ ከዚያ አንድ የሚለው ቁጥር እጀታው ላይ ካለው መስመር ትይዩ እንዲሆን ተደርጋ ነው የምትገባው። አለዚያ ቁጥሩ ስም ብቻ ነው አለችኝ። ገጥማ ስትጨርስ ወደ መስኮቱ ያዘችውና በሁለቱም ዳር የሚታየው ብርሃን እኩል መሆኑን አሳየችኝ። ፈትታ መልሳ ሰጠችኝና በይ አንቺ ግጠሚው አለችኝ። እስክለምደው ድረስ አስደጋገመችኝ። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እገጥመዋለሁ፤ ካንተም በላይ ሳላውቀው አልቀረሁም።

በማግስቱ ጠዋት ምንም ሳልናገር ነው አባትህ ክፍል የገባሁት። ልዋሻቸው አስቤ አልነበረም። ድምፄን ከሰሙ እንደማያስነኩኝ ስለማውቅ ነው ዝም ያልኩት። ሙቅ ፎጣ አደረግኩላቸው፣ ሳሙናውን በብሩሽ መትቼ ቀባኋቸው። በእንቅልፍና በንቃት መሃል ስለነበሩ አልተቃወሙም። አንድ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ቅር አላቸው፤ በማንኪያ ነው እንዴ የምታሹኝ ብለው አጉረመረሙ። ያንን ሁሉ ቀን ያደገ ጢም ነበርና እውነታቸውን ነው። ቀስ ብዬ ወደ ሁለት አዞርኩት።

ሁለት ላይ ሲሆን ድምፅ አለው፤ አንተ ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ስትላጫቸው ወጥ ቤት ሆኜ የምሰማው ያ ድምፅ ነው፤ ደረቅ በቆሎ ሲፈለፈል የሚሰማው ዓይነት። አባትህ አገጫቸውን ቀና አደረጉና ትንፋሻቸውን ያዙ። ጉንጫቸውን ጨርሼ ወደ አንገታቸው ስወርድ፣ «ዲትማር፣ መጣህ?» አሉ።

መላጫውን ባለበት አቆምኩት። እኔ ነኝ እንዳልል ሥራው ገና እኩሌታው ነው፤ ምላጩም ጉሮሯቸው ላይ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ የፊታቸውን መልክ ብታየው ኖሮ አንተም አትችልም ነበር። አንተ ስትላጫቸው አትናገርም፤ የሆነ ነገር ሲጠይቁህ ትከሻቸውን አንዴ ጫን ታደርጋለህ፤ አዎ ማለትህ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ያ ስንት ዓመት ያበሸቀኝ ዝምታህ ለአንድ ቀን ጠቀመኝ።

ከዚያ ተናገሩ። በዚህች ጠረጴዛ ላይ ከሄድክበት ቀን በፊት የተባባላችሁትን አስታውሰው ነው። ለሌላ አገር ሰው ስለት ማውጣት የሚያስተምር የራሱን ከተማ ጉሮሮ የሚዘጋ ነው፣ ከሄድክ በሬን አትርገጥ ያሉህን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ደገሙት። እኔ እየላጨሁ ነበር፤ እንባዬ ሳሙናው ላይ እንዳይወርድ ፊቴን ዞር አድርጌ ነው የምሠራው። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፤ ቃሉን እንዳለ ነው የምጽፍልህ።

«አፌ ነው ያለው፤ ልቤ አላለውም። በሩ ያንተ ነው። አንተ ልጅ፣ አባት ሲናደድ የሚለውን ሁሉ ትሰማለህ እንዴ?»

ትከሻቸውን ጫን አደረግኩ። ለየትኛው እንደመለስኩላቸው እኔም አላውቅም። ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውኃ አበስኩላቸው፤ ጉንጫቸውን ዳበሱና ፈገግ አሉ። በዚያ ቀን የድንች ሾርባ አንድ ሳህን ሙሉ በሉ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንተ ነኝ። ያንተን የቤት ጫማ ጋዜጣ ወትፌበት አደርጋለሁ፤ የሰው እርምጃ ይለያሉና። ተጫምቼው ስሄድ ያየኝ ሰው ቢኖር የሚስቅ ይመስለኛል። ላጭቼ እወጣና ጫማውን አውልቄ ጌርሊንድ ሆኜ ቁርስ ይዤ እመለሳለሁ። ያኔ ደግሞ ስላንተ ያወሩልኛል። ዲትማር መጥቶ ነበር፤ አንቺ ተኝተሽ ነው ያላየሽው፤ እጁ አልተበላሸም ይሉኛል። ባልሽ ሥራ ሲሄድ ለምን ቁርስ አታቀርቢለትም ብለው ተቆጥተውኛልም። ስለዚህ ላንተም አቀርባለሁ፤ ዳቦህን ቅቤና ማርማላታ ቀብቼ፣ እንደምትወደው አይብ ደርቤበት። በኋላ ራሴ እበላዋለሁ። ሆኖም አልወፈርኩም።

ይህ ኃጢአት ነው አትበለኝ፤ እኔው ለራሴ ብዬው ጨርሻለሁ። ቄሱንም ልጠይቅ አስቤ ተውኩት፤ አይሆንም ቢሉኝስ? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ደግሞ ከሁሉ የሚከፋውን ልንገርህ፤ ደስ ይለኛል። መሳቢያህን ስከፍት፣ የመላጫህን እጀታ ስይዝ፣ የምትይዝበትን አያያዝ ስይዝ፣ ለጥቂት ጊዜ ቤት ውስጥ ያለህ ይመስለኛል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እቀራለሁ፤ ማን እንደሆንኩ እስኪመለስልኝ።

አሁን ግን ነገሩ ከእጄ ወጣ። በዚህ ሳምንት ድምፅህን ጠየቁ። ላጭቼ ጨርሼ ፎጣውን ሳነሳ እጄን ያዙ፤ ደግነቱ በፎጣው ላይ ነበር የያዙኝ። «ሁሉን ታደርግልኛለህ፤ አንድ ቃል ግን ትነፍገኛለህ። ገና ተቆጥተህብኛል? አባባ በለኝ» አሉ። እጄን ከፎጣው ሥር ሳብኩ። ሳልኩና ወጣሁ። ከውጭ ሆኜ ስሰማቸው ለራሳቸው ይናገሩ ነበር፤ አልማረኝም፣ አልማረኝም ይላሉ። በማግስቱም እንደዚያው ጠየቁ። አሁን ምግቡን ደግሞ መቀነስ ጀምረዋል። ኤርና፣ ወንድሜን እናምጣና አንድ ጊዜ አባባ ይበላቸው፣ ይረፉ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። እጅህን ተውሻለሁ፤ ድምፅህን ግን ከሰው አልዋስም። እሱ ያንተ ብቻ ነው፤ እንኳን እሳቸው እኔም ብሰማው ብዬ የማላድርበት ቀን የለም።

ስለዚህ ና። ሁለት ዓመት ብለህ ሄድክ፣ ሁለት ዓመቱ ካለቀ ቆየ፤ ለምን እንደቆየህ አልጠየቅኩህም፣ አሁንም አልጠይቅህም። ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ መኖር ለምጃለሁ። ለኔ ብለህ ና አላልኩህም፤ ለሳቸው ና። የፋብሪካው ሰዎች አባቴ ሊሞት ነው ስትላቸው ይከለክሉሃል ብዬ አላምንም። ጢምህን ተላጭተህ ብትመጣ ጥሩ ነው፤ ፊትህን ይዳስሱታልና። ካልሆነም እንዳለህ ና፤ መላጫህ እዚህ አለ፣ ቁጥር ሁለት ላይ ነው፣ ጭረቷም ከጭረቷ ጋር ናት። ሌሊት ብትደርስም አንኳኳ፤ እኔ ቀላል እንቅልፍ ነው የምተኛው።

እግዚአብሔር ባሕሩን በሰላም ያሻግርህ፤ ብርዱ እንዳይመታህ ወፍራሙን ካፖርትህን ከሳጥን አውጥቼ አየር ላይ አስጥቼዋለሁ። ለሚያበስልልህ፣ ልብስህን ለሚያጥብልህ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ።

እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ግን ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሳልነግርህ ካሸግኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

እናትህ የምትታሰብበት ቀን ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አባትህ ዛሬ አእምሯቸው እንደ ጥንቱ ነበር። ግራ ጉንጫቸውን ጨርሼ ወደ ቀኙ ስዞር ድምፅህን አልጠየቁም። ስለኔ ነው የተናገሩት። ጌርሊንድ ደረጃ ስትወጣ እሰማታለሁ፣ እርምጃዋ ቀሏል፣ ከስታለች አሉ። የማልሰማ መስሏት ወጥ ቤት ብቻዋን ታለቅሳለች አሉ። እኔ እኮ ማልቀሴን የተውኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደህና በሆነ እጃቸው ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

«እኔ አባትህ ነኝ፤ ለኔ አትዋሽ። ይህችን ሴት አሁንም ትፈልጋታለህ?»

መላጫህ እጄ ውስጥ ነው። አረፋው ከምላጩ የሸሚዜ እጅጌ ላይ ይወርዳል። እሳቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው መልስህን ይጠብቃሉ። ላለመመለስ ብዙ ሞከርኩ፤ መልሱ የኔ አይደለምና። እሳቸው ግን ክንዴን አለቀቁም።

ትከሻቸውን አንዴ ጫን አደረግኩ።

ዋሽቼ ከሆነ መጥተህ አንተው ንገራቸው።

ሚስትህ
ጌርሊንድ